የየሻረግ ቀሚስ

ልጄ ህሊና ዓርብ የምታስረክበው የመመረቂያ ጽሑፍ አላት። ዛሬ ረቡዕ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሳሎን ተቀምጣ ኮምፒውተሯን በከፈተች ቁጥር ስልኳ ይጮሃል። አንዷ ጓደኛዋ "እባክሽ ይቺን ብቻ አርሚልኝ" ትላታለች፤ ሌላው የቡድን ሥራ አዘገየሽ ብሎ ይቆጣታል። እሷም ለሁሉም "እሺ፣ አሁን" ትላለች። ምሳ ላይ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ በስልኳ ስትጽፍ ቆየችና፣ እንደማያት ስታውቅ፣ "እማዬ፣ አታስቢ፣ እደርሳለሁ" አለችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት ልብስ ስሰፋ ነው፤ "እደርሳለሁ" እና "ነገ" የሰፊ ውሸቶች መሆናቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ ጋሽ ታረቀኝ ለሚባሉ ልብስ ሰፊ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እሳቸው ይቆርጣሉ፤ እኔ እሰፋለሁ፣ እጠልፋለሁ። የእኛም ሥራ እንደ ገበሬው ወቅት አለው። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሠርግ በሠርግ ላይ ነው፤ ጾሙ ከገባ ግን እስከ ፋሲካ ማንም አይዳርም። ስለዚህ ጥር ለእኛ ሰው የሚያመሰግነንም የሚረግመንም ወር ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ጋሽ ታረቀኝ ወንድማቸውን ለማስታመም ጉንደ ወይን ሄደው ሦስት ሳምንት ቆዩ። ሱቁንም የትእዛዝ ደብተሩንም ለእኔ ተዉልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ የመጣውን ሁሉ እሺ እያልኩ፣ ስምንት የሙሽራ ቀሚስ ተቀበልኩ። የሠርጉን ቀን ቆርጦ የሚነግረኝ አልነበረም፤ ሽማግሌ ገና ይነጋገር ነበርና ሁሉም "ከጥምቀት በኋላ" ይሉኛል፣ እኔም በየስማቸው ፊት "ከጥምቀት በኋላ" እያልኩ እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት ከጥምቀት እስከ ጾሙ አምስት እሁድ ነበር። ስምንት ቀሚስ በአምስት ሳምንት ምን አላት ብዬ አሰብኩ።

ጋሽ ታረቀኝ ተመልሰው ደብተሩን ካገላበጡ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለመሆኑ ዘንድሮ ጾሙ መቼ ነው የሚገባው?" አሉኝ።

ጾሙ ዓመት ከዓመት እንደሚቀድምና እንደሚዘገይ አገሬ ላይ የማያውቅ ሕፃን የለም። ቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ቄሱ የዓመቱን አጽዋማት ሲያውጁ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ ሰምቻለሁ። ግን ሰማሁ እንጂ ልብ አላልኩም። ዘንድሮ ጾሙ ቀድሞ የካቲት መባቻ ላይ ይገባል። እስከ ጥምቀት እጃችን በቀደመ ትእዛዝ ተይዟል፤ ከጥምቀት በኋላ የቀረን ደግሞ ሦስት እሁድ ብቻ ነበር።

"አምስቱን እንችላለን" አሉ ጋሽ ታረቀኝ። "ለሦስቱ ሄደሽ አይደርስም በያቸው። ሌላው ሰፊ ሳይሞላበት፣ ዛሬውኑ።"

"ትንሽ ብንፈጥን እኮ፣ ጋሼ..."

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሂጂ ብያለሁ።"

ሄድኩ። የመጀመሪያው ቤት የሙሽራዋ እናት ጨርቁን ከእጄ መንጭቀው ጆሮ የማይችለውን ስድብ ሰደቡኝ። ሁለተኛው ቤት ጨርቁን ሳይቆጡ ተቀበሉኝ። ሦስተኛዋ የሻረግ ነበረች።

የሻረግ አብሮ አደጌ ናት። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ የምትኖረው አክስቷ ዘንድ ነው። ለሠርጓ ያመጣችልኝ ጨርቅ እናቷ ፈትለው ያስቀመጡላት ጥጥ ነበር፤ እሷ ለሸማኔ ሰጥታ አሠራችው። ቤታቸው ስደርስ ደጃፍ ላይ ገብስ ታበጥራለች። ገና ስታየኝ ሣቀች። "ጥልፉ አረንጓዴ ቢሆን ምን ይመስልሻል?" አለችኝ። የመጣሁበትን ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩና "አረንጓዴ ያምርብሻል" ብያት ተመለስኩ።

ለጋሽ ታረቀኝ "የየሻረግን በራሴ ጊዜ እሰፋዋለሁ" አልኳቸው።

"የራስሽ ጊዜ የትኛው ነው?" አሉኝ። እንዲህ ብለውም ጨርቁን በልኳ ቆረጡልኝ።

ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ዛሬ ሳስበው ጉልበቴን ያመኛል። የጥር ነፋስ የገበያውን አቧራ ይዞ ስለሚገባ ነጩን ልብስ ሁሉ በአንሶላ ሸፍነን ነበር የምንሠራው። የስፌት መኪናውን መርገጫ ስረግጥ ውዬ ማታ እግሬ እንደ ሰው እግር አይታዘዝልኝም። ምሳዬ ኪሴ ውስጥ ያለው ቆሎ ነበር። በየማለዳው "ዛሬ የየሻረግን አስቀድማለሁ" ብዬ እነሣለሁ፤ ሱቁን ስከፍት ግን በር ላይ የሚጮህ ሰው ቆሞ አገኛለሁ። የአንዷ እጅጌ ጠቧል፣ የሌላዋ ካባ ወርዷል። የሚጮኸውን ለማብረድ ያንን አነሣለሁ። የሻረግ በሳምንት ሁለቴ ብቅ ትልና በሩ ላይ ሆና "ደረሰልኝ?" ትለኛለች። "ነገ" እላታለሁ። "እሺ፣ አይዞሽ" ብላኝ ትሄዳለች። የመጨረሻው ሐሙስም መጥታ ነገ አልኳት። እውነቱን ለመናገር አለመጮኋ ደስ ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሲደርስ ሁለት ቀሚስ ቀረኝ፤ የአያ ዋሴና የየሻረግ። ሁለቱም ሠርግ በማግስቱ እሁድ ነው፤ ሰኞ ጾም ይገባል። አያ ዋሴ ከአምበር ወረድ ብሎ ያለ አገር ገበሬ ናቸው፤ ቀሚሱ ለልጃቸው ሚስት የሚሰጥ ጥሎሽ ነበር። ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን መልሻቸዋለሁ። በዚያ ጠዋት ግን ዱላቸውን በሩ ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ከዚህ የምነሣው ልብሱን ይዤ ነው" አሉኝ። "የልጅቱ አጎቶች ነገሩን ከመነሻውም አልወደዱትም። ሰበብ ነው የሚፈልጉ። ነገ ጥሎሹ አደባባይ ሲዘረጋ ቀሚሱ ከጎደለ ልጃችንን አንሰጥም ይላሉ።"

ከዚያ እያንዳንዱን ጥልፍ በዓይናቸው ይከታተሉ ጀመር። ይህ ከጩኸት ይብሳል። ሁለት ጊዜ መርፌ ሰበርኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አምበር የሚሄደው መኪና ጡሩንባ መንፋት ሲጀምር የቀሚሱ ግርጌ ገና አልታጠፈም። አያ ዋሴ ከአምበር ሁለት ሰዓት በእግር ይቀራቸዋል፤ ይህ መኪና ካመለጣቸው ሳይመሽ አይደርሱም። ቀና ብዬ የየሻረግን ጨርቅ አየሁት። ጀርባና ደረቱ ተገጥሟል፤ እጅጌ የለውም፣ ጥልፉም አልተጀመረም። ሦስት ሰዓት ቢበቃኝ ነው ብዬ ገመትኩ። አምበር ደርሼ በአሥር ሰዓት ብመለስ ይበቃኛል።

"ይነሡ፣ መኪና ላይ እጨርሰዋለሁ" አልኩና መርፌና ክሬን ይዤ ተከተልኳቸው።

መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል መርፌው ጣቴን ወጋኝና ነጩ ላይ አንዲት ጠብታ ደም ወደቀች። አያ ዋሴ አዩ። የራስን ደም የራስ ምራቅ ያስለቅቀዋል ይላሉ ሰፊዎች፤ አፌ እስኪደርቅ ምራቄን እየቀባሁ አሸሁት። ለቀቀ። አምበር ስንደርስ የመጨረሻውን ክር በጥርሴ በጠስኩ። አያ ዋሴ ግንባሬን ስመው መረቁኝ፤ ቀሚሱን በነጠላ ጠቅልለው በጎናቸው አቅፈው ሄዱ።

እኔ መንገድ ዳር ቆምኩ። ወደ ማርቆስ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ሙሉ ነበር። እጄን እዘረጋለሁ፣ አቧራውን ያለብሰኛል፣ ያልፋል። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። ጥላዬ ሲረዝም እያየሁ አለቀስኩ። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ከገብስ ጆንያ ላይ ጫነኝ። ሱቁ ስደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር፤ ጋሽ ታረቀኝ ሊዘጉ ቁልፍ ይዘዋል።

"መጥታ ወስዳዋለች" አሉኝ። ከዚያ ሱቁን ቆለፉ።

አክስቷ ቤት ሮጥኩ። ዳሱ ተጥሏል፣ ልጃገረዶቹ ይዘፍናሉ። የሻረግ እንሶስላ ሞቃ፣ እጆቿ በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጣለች። ጨርቁ ተጣጥፎ ሣጥን ላይ ተቀምጧል።

"ስጪኝ፣ አሁን እጨርሰዋለሁ" አልኳት።

"ተይው። የአክስቴ ልጅ ቀሚሷን አውሳኛለች፤ ልኬ ነው።" ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሐሙስ ዕለት ብትነግሪኝ ሌላ ሰፊ ዘንድ እወስደው ነበር" አለችኝ።

ያን ከማለት በቀር አልተቆጣችም። እኔ ግን አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ። በማግስቱ በተውሶ ልብስ ተዳረች። የእናቷ ፈትል አንዴ በመቀስ ተቆርጧልና ነጠላ አድርጋ እንኳ ልትደርበው አልቻለችም።

ብዙ ዘመን ጥፋቴን በዚያ መኪና ላይ ሳሳብብ ኖሬአለሁ። ጥፋቱ ግን ገብስ ስታበጥር ያገኘኋት ቀን ነው። ሰዓት ያጠረኝ በሥራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ጊዜዬን ለሚጮኸው እየሰጠሁ፣ የሚወደኝን ሰው "እሷ ትታገሠኛለች" እያልኩ ወደ ኋላ ስገፋ ነው። ለባዕዱ አይደርስም ብዬ እውነቱን ነገርኩ፤ ለእሷ ነገ አልኳት። ህሊና ራቷን በልታ ስትጨርስ ይህን ልነግራት አስቤአለሁ፤ መቼም ልጅ ናትና ትሰማኛለች ወይም አትሰማኝም።

የሻረግ አምና የመጨረሻ ልጇን ዳረች። የምንኖረው አንድ ሰፈር ነው፤ ማኅበር አብረን እንጠጣለን፣ ስታመም ቀድማ የምትደርስልኝም እሷ ናት። ለሠርጉም ከሁሉ በፊት የጠራችው እኔን ነበር። የሙሽራዋን ቀሚስ ግን ሌላ ሰፊ ዘንድ እንዳሰፋች ከሰው ሰማሁ። አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት።

"ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ነዋ" አለችኝ ፈገግ ብላ። ቂም እንደሌላት አውቃለሁ። አምና ጥር ላይ ግን እጄ ላይ አንድም ሥራ አልነበረም፤ እሷም ይህን ታውቅ ነበር።