አምስቱ መዳመጫዎች

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ከደብረ ሲና ወርጄ፣ ሸዋ ሮቢት ወንዙ ዳር ከነበረው የጥጥ መዳመጫ ቤት ሥራ ገባሁ። ባለትዳር ጎልማሳ ነበርኩ፤ መኪና የሚባል ነገር ግን ነክቼ አላውቅም። ቤቱ ውስጥ በአንድ ሞተር የሚዞሩ አምስት መዳመጫዎች ነበሩ። ሦስቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሁለቱን ከአሊዩ አምባ በኩል የመጡ አንዲት ባልቴት ይዘዋቸው ነበር፤ እትዬ እላቸው ነበር።

ሥራው ለአንድ መኪና ቀላል ነው። አፉን በጥጥ ትሞላዋለህ፣ እሱ ፍሬውን እየለየ ይበላል። ሲጨርስ ከሥሩ የተጠራቀመውን ፍሬ ጠርገህ እንደገና ትሞላዋለህ። መከራው ሦስት ሲሆኑ ነው። ቀይ ፂም የነበረው ጣሊያን ካቦ ጠዋት ጠዋት ሦስቱንም አንድ ላይ እንድሞላ ያዝዘኛል፤ ሦስቱም አንድ ላይ ይጨርሳሉ። አንዱን ስጠርግ ሁለቱ ባዷቸውን ይጮኻሉ፣ ካቦው ከነሱ በላይ ይጮኻል። አንድ ቀን በጥፊ አጮለኝ።

ካቦው ሲወጣ እትዬ ጠጋ አሉና፣ "መንታ አሳድገሃል?" አሉኝ።

"ኧረ አንድም የለኝ።"

"እኔ አሳድጌያለሁ። ሁለቱ እኩል የራባቸው ቀን ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ። አንዱን ቀደም፣ ሌላውን ቆየት አድርጌ ማጥባት ስለምድ ነው ያረፍኩት። እነዚህንም እኩል አታስርባቸው።"

የጥጡን ጆንያዎችም አስለዩኝ። ንጹሑ ጥጥ ቶሎ ያልቃል፣ ቅጠል የበዛበት ይጎተታል። ለአንዱ መኪና የሚጎተተውን፣ ለሁለተኛው ንጹሑን እሰጥና ሦስተኛውን ትንሽ አቆይቼ እሞላው ጀመር። ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ይጠሩኛል። በመሀል ላቤን የምጠርግበት ፋታ አገኘሁ። እትዬ ዙህር ሲሰግዱ የሳቸውንም እጠብቅላቸው ነበር።

ጩኸቱ መቅረቱ ካቦውን ገረመው። "እንዴት ነው?" ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ አስረዳሁት። ምስጋና ፈልጌ ነው፤ እሳቸውን አላነሳሁም። እሱ ግን መኪኖቹን በጣቱ እየጠቆመ፣ "አንተ መቆም ጊዜ አለ። አምስቱም ላንተ። ሴትዮ ሂድ!" አለ።

እትዬ ነጠላቸውን አራግፈው ወጡ። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ሦስት ቀን አምስቱን ይዤ ዋልኩ። የሳቸው ብልሃት ለአምስት አልበቃም፤ አንዱ ጋ ስደርስ ሌላውን ፍሬ አንቆት ይጤሳል። በሦስተኛው ቀን ከሥራ እንደወጣሁ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ጥጥ በእጃቸው ይፈለቅቁ ነበር።

"እትዬ፣ ከሥራ ያስባረርኩዎ እኔ ነኝ። ያስተማሩኝን የራሴ አስመስዬ ነገርኩት።"

የያዙትን ጥጥ ወደ ጎን አኖሩት። "ወላሂ፣ አዝኜብህ ነበር። አሁን መጣህ፣ ይበቃል። ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ።"

"ሥራዎን አስመልሳለሁ።"

"ተው፣ ይመታሃል።"

በማግስቱ ካቦው በር ላይ ቆሞ ሳለ የድሮ ትእዛዙን ፈጸምኩ፤ አምስቱንም አንድ ላይ ሞላኋቸው። አንድ ላይ ጨረሱ። አንዱ ታነቀ፣ የሌላው የቆዳ ቺንጋ ወለቀ፣ ቤቱ የተቃጠለ ቆዳ ሸተተ። ካቦው ኮቱን ጥሎ ከእኔ ጋር ሲራወጥ ፂሙ በጥጥ ነጭ ሆነ።

"ለምን አንድ ላይ?" ብሎ ጮኸብኝ።

"እርስዎ ያዘዙኝን ነው። ብልሃቱ የሴትዮዋ ነበር። ይኼ ሥራ ደግሞ የሁለት ሰው ነው" አልኩት።

ጥፊውን ስጠብቅ ሄዶ ሞተሩን አጠፋ። ግንብ ተደግፎ ቆየና፣ "ሴትዮ ጥራ" አለኝ።

እትዬ እንደመጡ እጅጌያቸውን ሰብስበው የታነቀውን ጥጥ መዝዘው አወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቦው ብቅ ሲል ሁለታችንም ቶሎ ብለን ከጆንያው ቅጠል መልቀም እንጀምራለን። እሱም ባዶ እጃችንን ቆመን ዳግመኛ አላየንም።