ያልተያዩት ሁለት ኮምፒውተሮች

ሴቻ ሰፈር ያሉት አከራዬ ጋሽ ታደሰ፣ የማንጎ ቅርንጫፍ አጥር ዘለለ በሚል ሰበብ ከተጣሏቸው ጎረቤታቸው ከወይዘሮ አስቴር ጋር እንኳን ሰላምታ ሊለዋወጡ መተያየትም አይፈልጉም። ባለቤታቸውንም «ከእሷ ጋር ስታወሪ ባይሽ ውርድ ከራሴ!» ብለዋቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ «የእኔና የእትዬህ ኮምፒውተር አልተያዩም፤ የልጃችንን የሠርግ ፎቶ ማስተላለፍ አቃተን» ብለው ጠሩኝ። ብነካካ ብነካካ እምቢ አለ። ኮምፒውተሮቹ የሚተያዩት በአንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ ነው፤ በኋላ ሳስተውል የእትዬ ከቤቱ ዋይፋይ፣ የጋሼ ግን ከወይዘሮ አስቴር ዋይፋይ ጋር ነው የተገናኘው። አፌ አላርፍ ብሎ ተናገርኩ።

«የይለፍ ቃሉን ማን ሰጠህ?» አሉ እትዬ ወደ ጋሼ ዞረው።

«ማሽኑ ራሱ ነው የያዘው» አሉ ጋሼ፣ ላብ አጥምቋቸው።

ይሄኔ መብራት ጠፍቶ ወዲያው መጣ። ከአጥሩ ማዶ የወይዘሮ አስቴር ድምፅ ተሰማ፦

«ታዴዬ! ዋይፋዩን መልሼ አብርቼልሃለሁ!»