የኮሎኔሉ አውራ ዶሮዎችና የአቴ ሴፋ እንቅልፍ

አቴ ሴፋ ጎረቤቴ ናት። ሰፈራችን ታጊግ ከተማ ውስጥ፣ ከጦር ካምፑ አጥር ሥር ነው። ታላቅ እህት ስለምታክለን ሁላችንም አቴ እንላታለን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ዳቦ ቤት ሊጥ ስታቦካ ኖራለች፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ትተኛለች። ማለቴ፣ ትተኛ ነበር፤ ጎረቤቷ ኮሎኔል ማግባንዋ ከግድግዳዋ ጎን አሥራ ስድስት የሚዋጉ አውራ ዶሮዎች እስኪያስር ድረስ። አውራ ዶሮ የሚጮኸው ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው የሚል ሰው አጠገቡ ኖሮ አያውቅም።

ሦስት ጊዜ ለመነችው። ሦስቱንም ጊዜ በትሕትና ሰምቶ፣ ማንጎ ሰጥቶ መለሳት። በመጨረሻ ምድጃው ፊት ቆማ አንቀላፍታ ክንዷን አቃጠለች። ባለ ዳቦ ቤቱም፣ "አንድ ጊዜ ቢደገም ቤትሽ ትቀሪያለሽ" አላት።

መንገዱን ያሳየቻት የኮሎኔሉ ሚስት ኤዲታ ናት። ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ በኩል ጠራቻት።

"አቴ፣ ሰውዬው ጄኔራል ሊሆን ነው። ፕሬዝዳንቱ ቢሾሙትም ሴናተሮቹና የሕዝብ ተወካዮቹ ካላጸደቁለት ኮከቧን አያደርጋትም። ተቃውሞ ያለው ሰው ደግሞ ምሎ ማስገባት ይችላል።"

"አንቺ ለምን አታስገቢም?"

"የሚስት ክስማ ለምደውታል። ሴት ይዞባት ነው ይላሉ። እሱ እኮ ከዶሮ ሌላ የሚያቅፈው የለም!"

እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ ዓይነቱ ሰው ይሳካል ብዬ አላምንም። ግን አራተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ስለሆንኩ ጻፍኩላት። ግማሽ ገጽ ሆነ። ምላ ፈረመችና አስገባን።

ማክሰኞ ሁለታችንም ሹመት የሚያጸድቀው ጉባኤ ፊት ቀረብን። ሊቀመንበሩ ተቃውሞውን ሲያነቡ "ዶሮዎች" የሚለው ጋ ሲደርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። አንድ ወፍራም ተወካይ ማይክራፎኑን ሳብ አደረገ።

"ኮሎኔል፣ ዝርያቸው ምንድን ነው?"

"ከኔግሮስ ደሴት የመጡ ናቸው፣ ክቡር ሆይ።"

"የሚሸጥ አለ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቴ ሴፋ አልሳቀችም። ሊቀመንበሩ ወደ እሷ ዞሩ።

"ናናይ፣ ኮሎኔሉ መጥፎ ሰው ነው?"

"እናቴ ካሉኝ እውነቱን ልንገርዎት። ጥሩ ሰው ነው። ለአገሩ ተዋግቶ ነው የሚያነክሰው። ጄኔራል ይሁን። እኔ ግን ልተኛ።"

ሳቁ ቆመ። ጉዳዩን ለሐሙስ አሳደሩት። ሐሙስ ደግሞ ጉባኤው ለእረፍት ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልጸደቀ ሹመት ይወድቃል።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ኮሎኔሉ በቁምጣና በነጠላ ጫማ መጣ።

"አቴ፣ ስድስቱን ብቻ ላስቀር።"

"አይሆንም።"

"ሁለቱን?"

"አይሆንም።"

"ነጩን ብቻ። እባክሽ።"

"ኮሎኔል፣ ሌሎቹን የሚያስጀምራቸው እሱ ነው።"

ዞሮ በአጥሩ በኩል ነጩን አየው። "እውነትሽን ነው" አለ በመጨረሻ። "እሱ ነው።" ከአጥሩ ማዶ ኤዲታ ስትስቅ ተሰማ።

ረቡዕ ማለዳ ቡላካን ለሚኖረው ወንድሙ በጭነት መኪና ወሰዳቸው። ነጩን ጭኑ ላይ አቅፎት ነው የሄደው።

ሐሙስ ሊቀመንበሩ፣ "ናናይ፣ ተቃውሞዎን ያነሣሉ?" አሏት።

"ትናንት ተኝቻለሁ።"

"ይኼ መልስ ነው?"

"ነው።"

መዶሻውን መቱ፤ ሹመቱ ጸደቀ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እነኤዲታ ግቢ ውስጥ አሳማ ተጠበሰ፤ ሰፈሩ ሁሉ እየተቀባበለ ይዘፍን ጀመር። አዲሱ ጄኔራል "አቴ የት አለች?" እያለ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። አብረን ሄደን በሯን ገፋ አደረግን። አፏን ከፍታ ተኝታለች።

"ልቀስቅሳት?" አልኩት።

"ተያት፣ ተያት" አለ በሹክሹክታ። እያነከሰ ተመልሶ ዘፈኑን አስቆመ። እኔም ከድግሱ የያዝኩላትን የፓንሲት ፓስታ ሳህን ከድኜ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት።