የጉድጓዳችንን ውጤት ፍለጋ ወደ ጭሮ

ረቡዕ ጠዋት ከበደሳ የተነሣሁት የሠፈራችን ጉድጓድ ውሃ ሲመረመር ምን እንደተገኘበት ለመጠየቅ ነው። ልጄን ትዕግሥትን ከክረምት ጀምሮ ሆዷን ያማታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ከውሃው ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱን ጠይቂ" አለችኝ።

በበጋ መርማሪዎች መጥተው ውሃውን በጠርሙስ ቀድተው፣ ፓምፑ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ሄደዋል። "ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል" ብለውንም ነበር። የሠፈሩ ሰው ቀለሙን ሲያይ ጉድጓዱ ምርመራ ያለፈ መስሎት ድሮ የምንቀዳበትን ምንጭ ትቶ ወደዚያ ጎረፈ። እኔም አብሬ ሄድኩ።

ሚኒባሱ ጣሪያው ላይ ጫት ጭኖ በጠመዝማዛው መንገድ እየተንገጫገጨ ወጣ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ።

"ለውሃ ጉዳይ ነው አባባ።"

"ውሃ ፍለጋ ጭሮ? ወላሂ፣ ጭሮ ራሷ ጀሪካን ይዛ ነው የምትዞረው!"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጭሮ ስንደርስ ብርድ ነበር። ጾም ስለሆነ መናኸሪያው አጠገብ የምስር ሳምቡሳ በሻይ በልቼ ዳገቱን ወጣሁ። ውሃ ቢሮው ውስጥ ያገኘሁት ወጣት ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"እናቴ፣ ውጤቱ እኮ ክፍት ነው። ኢንተርኔት ላይ ማንም ያየዋል።"

"እኔ አላየሁትም።"

ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። ካርታ ነው፤ ወረዳችን አረንጓዴ ተቀብታለች። "ደህና ነው ማለት ነው" አለኝ።

"የትኛው ጉድጓድ?"

"የሁሉም ተደምሮ አማካዩ ነው የሚወጣው።"

"ልጄ የምትጠጣው ግን ከአንዱ ነው።"

ስለ ቀዩ ቁጥር ጠየቅሁት።

"እሱ ጠርሙሱ ከየት እንደተቀዳ ማወቂያ ነው። ማለፉን ወይም መውደቁን አይናገርም።"

"እባክህ ወንድሜ፣ የእኛን ብቻ ለይተህ ንገረኝ።"

"የየጉድጓዱ ዝርዝር ወደ ላይ ይላካል። ለእኛም ተመልሶ የሚመጣው ይኸው አረንጓዴው ነው። ከካርታው ሥር ጥያቄ መጻፊያ አለ፤ ልጻፍልዎት?"

ጻፈልኝ። መልሱ መቼ እንደሚመጣ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። "የሌሎቹም ገና አልመጣም" አለኝ።

በደሳ ስመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ጎረቤቴን ፋጡማን ፓምፑ ጋ ተሰልፋ አገኘኋት።

"ምን አሉሽ?"

"ወረዳው ደህና ነው አሉ።"

"አልሐምዱሊላህ!"

"ፋጡማ፣ የእኛን ለብቻው አያውቁትም። ቀለሙም አለፈ ማለት አይደለም።"

"ደህና ነው ካሉ ደህና ነው! አንቺ ደግሞ ስጋት ትወጃለሽ" ብላ፣ ተራዋ ስለደረሰ፣ የፓምፑን እጀታ ትገፋ ጀመር።

ምንጩ ክረምቱ ሲወጣ ደርቋል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ነገር ውስጥ የእኔ ቤት ላይታይ እንደሚችል ነው። ውሃውን አፍልቼ አቀዘቀዝኩት። ማፍላቱ ይረዳት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ትዕግሥት ጠምቷታል። ሰጠኋት።