የሞተው ዲስትሪክትና የማሞ አድራሻ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሊንዳ የሰጠችኝ አንድ ወንበር፣ አንድ ስልክና አንድ ምክር ነበር። «ዚ» አለችኝ፤ ዘነበች ማለት አቅቷት በዚያው ቀረ። «ሰው ደውሎ ሲያለቅስብሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው ስሙን አይደለም፤ ዚፕ ኮዱን ነው።» ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ናት አልኩ በሆዴ። የመጀመሪያው ደዋይ እናቱ የሞቱበት ሰው ነበር። ዚፕ ኮዱን፣ የሰፈሩን የፖስታ ቁጥር፣ ጠየቅኩት። የእኛ ምርጫ ክልል አልነበረም።

ቢሮው የኮንግረስ እንደራሴያችን የአካባቢ ቢሮ ነው፤ ከጥርስ ሐኪም በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሕግ የሚወጣው ዋሽንግተን ነው። እኛ ጋ የሚመጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያው የተቋረጠበት፣ ፓስፖርቱ የዘገየበት፣ ሚስቱ ኤምባሲ በር ላይ የቀረችበት ሰው ነው። መጀመሪያ ስልክ አንሺ ነበርኩ፤ ኋላ ኬስወርከር ሆንኩ። ኬስወርከር ቪዛ አይሰጥም። በእንደራሴው ስም ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋል፣ ይጠይቃል፣ ይጨቀጭቃል። ይህንን ለወገኖቼ ለማስረዳት የፈጀሁት ትንፋሽ ጎማ ይነፋል።

ዲስትሪክታችንን፣ የምርጫ ክልላችንን ማለቴ ነው፣ በካርታ ያየ ሰው፣ የሣለው ሰው ሲሥል ያስነጠሰው ይመስለዋል። ከቴክሳሷ ከተማ ከሳክሲ ይነሣል፣ ይቀጥናል፣ ፋርመርስ ብራንች ላይ ሆዱ ይነፋል፣ እንደገና ቀጥኖ ቤድፎርድ ይደርሳል። ፋርመርስ ብራንች ውስጥ አንድ መንገድ አለ፤ ቀኝና ግራው የተለያየ እንደራሴ ነበረው። አንዷ እናት ከነልጇ መጥታ የመንገዱ ግራ፣ የእኛ ያልሆነው በኩል፣ ሆና ስትገኝ፣ «ታዲያ ተሻግሬ ልደውል?» አለችኝ።

ሦስት እንደራሴዎችን አገልግያለሁ። የመጀመሪያው ኢንሹራንስ ሲሸጡ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ደብዳቤውን ሁሉ ራሳቸው አንብበው በእጃቸው ይፈርማሉ፤ ታዲያ አንድ ደብዳቤ ከጠረጴዛቸው እስኪነሣ ጸጉር ያሸብታል። ሁለተኛው ጠበቃ ነው። ካሜራ ከሌለ አይመጣም። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ፣ «ኢትዮጵያውያኖችሽ ድምፅ ይሰጣሉ?» አለኝ። «ብዙዎቹ ገና ዜግነት እየጠበቁ ነው» አልኩት። «ኦኬ፣ ሲያገኙ ንገሪኝ» ብሎ ወጣ። ሦስተኛዋ ሐኪም ነበረች። ደግ ናት፣ ሰው ትሰማለች፤ ግን በስብሰባ ጨረሰችን። ስለ ስብሰባ ብዛት የሚመክር ስብሰባ ጠርታ ታውቃለች።

አንድ እንደራሴ ሲወጣ ፋይሉ አብሮት ይወጣል። ይህንን ሰው አያምነኝም። ወረቀቱ የወንበሩ አይደለም፣ የሰውዬው ነው። አዲሱ ሲገባ ባለጉዳዩ ሁሉ እንደገና መጥቶ፣ እንደገና የፈቃድ ወረቀቱን ፈርሞ፣ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ያንን ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ። ሦስተኛው ግን መሸጋገር አልነበረም፤ ዲስትሪክቱ ራሱ ነው የሞተው።

ኦስቲን ያሉት የቴክሳስ ክልል ምክር ቤት ሰዎች ካርታውን እንደገና ሣሉት። የእኛ ቁጥር እንኳ አልተሰረዘም፤ አንሥተው ቴክሳስ ሌላ ጫፍ ወስደው ለማናውቃቸው ሰዎች ሰጡት። መሬታችንን ለጎረቤት ዲስትሪክቶች አከፋፈሉት። ሳክሲ አንድ ጋ፣ ፋርመርስ ብራንች ሌላ ጋ፣ ቤድፎርድ ሦስተኛ ጋ ሄደ። ሐኪሟ ሌላ ቦታ አልወዳደርም ብላ ወደ ክሊኒኳ ተመለሰች። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ሊንዳ ከግድግዳው ላይ ካርታችንን አውርዳ፣ «ትፈልጊዋለሽ?» አለችኝ። «ምን ላድርገው? ልጋግርበት?» አልኳት። ተናድጄ ነበር።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የማሞ ጉዳይ ነው።

ማሞ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር የሚገፋ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። ሚስቱ አስናቀችና ልጁ ቤዛ አገር ቤት ቀርተው ለዓመታት ወረፋ ጠብቀዋል። ወረፋው ደረሰ፣ ወረቀታቸው ተሟላ፣ የኤምባሲው ቀጠሮ ግን ድምፁ ጠፋ። ቤዛ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላት ነው። ከሞላት ልጅ አትባልም፤ ከእናቷ ፋይል ወጥታ ለብቻዋ ሌላ ወረፋ ትይዛለች፣ የዚያኛውን ርዝመት ደግሞ አለማውራት ይሻላል። ሐኪሟ ቢሮ ሳለች ሁለቴ ጽፌ ነበር። መልስ ሳይመጣ ቢሯችን ተዘጋ።

«አይዞህ፣ አዲሱ ቢሮ ሄደህ ፈርም» አልኩት። ሄደ። በሳምንቱ ደወለልኝ።

«እትዬ ዘነበች፣ የእኛ አይደለህም አሉኝ እኮ።»

«የትኛው ቢሮ?»

«ሁለቱም።»

አበስኩ ገበርኩ! ነገሩ እንዲህ ነው። ማሞ የሚኖረው ፋርመርስ ብራንች ነው። አዲስ የመጣ ጊዜ ግን የተቀበሉት የአጎቱ ልጅ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ቤድፎርድ፣ ሶፋቸው ላይ አስተኝተውት። የመንግሥት ወረቀቱ ሁሉ የቤድፎርድን አድራሻ ይዞ ቀረ። ማሞ ከዚያ ወዲህ ስንት አፓርትመንት ሙቭ አድርጓል፤ አድራሻው ግን ከጋሽ ወርቁ ቤት ንቅንቅ አላለም። ድሮ ችግር አልነበረውም፤ ቤድፎርድም ፋርመርስ ብራንችም የእኛ ነበሩ። አሁን የቤድፎርዱ ቢሮ «እዚህ ትኖራለህ?» ሲለው፣ ማሞ ውሸት አያውቅም፣ «አይ፣ ፋርመርስ ብራንች ነኝ» አለ። የፋርመርስ ብራንቹ ደግሞ ወረቀቱን አይቶ፣ «አድራሻህ ቤድፎርድ ነው፣ እዚያ ሂድ» አለው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሁለት እንደራሴ እያለው አንድም የለውም።

«ታዲያ አድራሻውን ቀይረዋ! የአንድ ሻይ ሥራ ነው!» አልኩት።

«ማለቴ... ጋሽ ወርቁ ምን ይሉኛል?» አለ።

ይህንን ለአሜሪካኖች እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። የተቀበለህን ሰው አድራሻ ማንሣት ከቤቱ መውጣት ነው። ጋሽ ወርቁ ደብዳቤ ሲመጣ ይደውላሉ፤ «ደብዳቤ አለህ፣ እሁድ ናና ምሳ ብላ» ይላሉ። ማሞ ይሄዳል፣ ይበላሉ፣ ኳስ ያያሉ። እሁዱ በደብዳቤው ላይ የቆመ ነው። እና ማሞ በይሉኝታ ሳምንት ሲገፋ፣ የልጅቷ ልደት እየመጣ ነው። ደሜ ፈላ።

«ቅዳሜ መጥቼ እወስድሃለሁ» አልኩት። «አንተ አትናገርም። እኔ እናገራለሁ።»

ጋሽ ወርቁ በር ላይ ተቀበሉን። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሰውነታቸው በሩን ይሞላዋል። የመጣንበትን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ማሞ ምንጣፉን ያያል።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ደብዳቤ ጠፍቶበት ያውቃል? ጠይቂው።»

«አልጠፋበትም፣ ጋሽ ወርቁ።»

«ከፍቼበት አውቃለሁ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ? ሰው ሲያልፍለት...»

አላስጨረስኳቸውም። ታላቅን ማቋረጥ ነውር ነው፤ አቋረጥኳቸው። «ጋሽ ወርቁ፣ ምን አለፈለት? ቀኑን ሙሉ የሰው እናት በዊልቸር ይገፋል፣ የራሱ ልጅ ልትቀርበት ነው! ቤዛ ሃያ አንድ ልትሞላ ነው። ከሞላት እናቷ ብቻዋን ትመጣለች። እርስዎ እንዳይቀየሙት ብሎ ይኸው ስንት ሳምንት አባከነ! እሱም ይሉኝታ፣ እርስዎም ኩራት፣ ልጅቷ ማን አላት?»

ድምፄ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ጋሽ ወርቁ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ልጅቷ እንዲህ መሆኗን አልነገረኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ቀይሩት። ኮምፒውተሩ ያውልሽ።» ከዚያ ማሞ አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ፣ ለእኔ፣ «ግን እሁድ ይመጣ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉኝ።

«እመጣለሁ፣ ጋሼ» አለ ማሞ። ሁለቱም እንባ እንባ አላቸው። እኔም አልቻልኩም፤ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀርኩ። አድራሻውን የቀየርነው እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ የሻዩ ውኃ ሳይፈላ አለቀ። ይኸው ነበር እንግዲህ!

ሰኞ ማረጋገጫውን ይዞ የፋርመርስ ብራንቹ ቢሮ ፈረመ። ለአዲሷ ኬስወርከር ደውዬ የልደቱን ቀን ከሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ጻፊው አልኳት። ጻፈችው። ቀጠሮ መጣ። ቪዛው ሲታተም ለቤዛ ልደት ጥቂት ቀን ቀርቶ ነበር፤ ልደቷ ሳይደርስ ለመግባት ሲበሩም የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ የጠየቀ የለም።

ኤርፖርት ሄድኩ። ማሞ ሥራው ቦታ ነው፤ ግን ዩኒፎርሙን አውልቆ በሱፍ ሲቆም የት እንደሚቆም ጠፋው። ጋሽ ወርቁ አበባ ይዘዋል። አስናቀችና ቤዛ ሲወጡ የሆነውን አልጽፈውም፤ እዚያ የነበሩ የማያውቁን ሰዎች ሳይቀሩ አለቀሱ።

ለቅሶው ጋብ ሲል የድሮ ሥራዬ ተነሣብኝ። «ማሞ፣ ግሪን ካርዳቸው የሚላክበት አድራሻ የቱን ሰጠህ?»

የሻንጣውን እጀታ ይዞ ወደ በሩ ዞረ።

«ማሞ!»

«ማለቴ... ጋሽ ወርቁን ትንሽ ደስ እንዲላቸው ብዬ... ቤድፎርድን።»

ወይ ፈጣሪዬ! እዚያው መሬት ላይ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ወርቁ ግን ደስ ብሏቸው፣ «ታዲያ! ምሳውም ቤድፎርድ ነው፣ አልጋውም ተነጥፏል» አሉ።

ቤዛ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ጋሽ ወርቁን አየች። ከልጅነቷ ጀምሮ ለአባቷ ፖስታ ስትጽፍ ቤድፎርድ እያለች ነው።

«አባዬ፣ አንተ የምትተኛው የት ነው?»

«ፋርመርስ ብራንች።»

«ምሳውን እንበላለን» አለች ለጋሽ ወርቁ፣ ጎንበስ ብላ። «እሁድ እሁድም እንመጣለን። የምተኛው ግን አባቴ የሚተኛበት ነው። ስንት ዓመት የጠበቅኩት እኮ ለዚህ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እትዬ፣ አድራሻው የት ነው የሚቀየረው?» አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋት። ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ቀየረችው።

እነሆ፣ ካርታው እንደገና ሊቀየር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ይቀይሩት፤ ማንም አያማክራችሁም። ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈኝ ትምህርት አንድ ነው፦ የምትተኙበትን ቤት አድራሻ ጻፉ።