የሚጾመው መብራት

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ወራሪዎቹ ባቆሙት ሆስፒታል የመብራት ሞተሩን ለሚያንቀሳቅሰው መካኒክ አስተርጓሚ ነበርኩ። የማውቀው ጣልያንኛ ከስድብ አያልፍም፤ እሱ የሚናገረው ደግሞ አብዛኛው ስድብ ስለነበር ተግባባን።

መብራቱ ቀትር ላይ ድርግም ማለት አመጣ። ዋናው ማቋረጫ፣ ያ ኃይል ሲበዛበት በራሱ የሚወድቀው እጀታ፣ ቀጭ ብሎ ይወርዳል፤ ሐኪሙ መስኮት በሌለው የቀዶ ጥገና ክፍል ቢላዋ እንደያዘ በጨለማ ይቀራል። ብንፈልግ ምክንያት የለም። እጀታውን ስንመልሰው ምንም እንዳልሆነ ይበራል።

የሞተር ክፍሉ ቁልፍ ያለው ከአማኑኤል ከተማ በመጡት ሽማግሌ ዘበኛ እጅ ብቻ ነበር። የሆስፒታሉ አዛዥ የሆነው ጣሊያናዊ ሻምበል፣ «ለሽፍቶቹ እየሠራ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ምክንያቱ ካልተገኘ ወህኒ ይወርዳል» አለ። ከዚያ ወህኒ የተመለሰ ሰው አላየንም። እኔም በድንገት ፍትሕ ወዳድ ሆንኩ፤ ዘበኛው አገራቸው አማኑኤል ቆንጆ ልጅ ነበረቻቸው።

«አባባ፣ አይስጉ፤ እኔ አገኘዋለሁ» አልኳቸው።

«ጠዋት ጠዋት ጫማህን ስትፈልግ የምታረፍድ ልጅ?» አሉኝ።

ረቡዕ ቀትር ላይ እጀታው ሥር ተጎልቼ ጠበቅኩ። አልወደቀም። ሆዴ ብቻ ጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሜን ልፈታ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፌ ሳደርስ፣ ቀጭ። መካኒኩ፣ «ሰዓት ቀየረ፤ ተንኮለኛ ነው» አለ። እኔ ግን ጉርሻውን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ።

«ይጾማል» አልኩት።

«ማን?»

«የሚጥለው ሰው። ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበላም።»

ስለዚህ በማግስቱ እጀታውን ትቼ የሚበሉትን ተከተልኩ። ቀትር ላይ ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ተሰበሰቡ። እዚያ ሁለት የመብራት ሽቦዎች ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ታላቅየዋ ውሻ እንዳይደርስበት ሽቦው ላይ የሰቀሉትን ከባድ አገልግል አወረዱ። ሸክሙ የቀለለለት ሽቦ ተስፈንጥሮ ሌላውን መታ፤ ሽፋናቸው ተልጦ ነበርና ብልጭ አለ። ሽቦዎቹ ወዲያው ተለያዩ፤ የቀዶ ጥገናው ክፍል ግን ጨለመ።

«እትዬ፣ ሰው ሊያሳስሩ ነው» አልኳቸው።

«በምሳ?» አሉ።

ሻምበሉን አምጥተን አገልግሉን ሰቅለን አወረድንለት። ጨለመ። መልሰን ሞከርን፤ ጨለመ። ሻምበሉ አገልግሉን ከፍቶ ሽሮውን አሸተተ፤ ከዚያ ዘበኛውን፣ «ወደ ሥራህ» አላቸው። መካኒኩ ሽቦውን ሲጠግን እኔ ግድግዳው ላይ ለአገልግሉ ችንካር መታሁ፤ አውራ ጣቴንም ጭምር።

ማታ ዘበኛው በሩ ላይ አስቆሙኝ።

«ጫማህን አገኘህ?»

«ዛሬ አግኝቻለሁ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ። የአማኑኤል መንገድ ረጅም ነው፤ በባዶ እግርህ እንዳትመጣ።»

እስከ ዛሬ ጫማዬን የምታገኝልኝ ያቺ ልጃቸው ናት።