የአያቴ የመንገድ ላይ ቁጣ

ቄሱ አያቴ ጆሯቸው ቀን ከሌት ይጮህባቸው ነበር፤ ሲብስባቸው ደግሞ ምድር ትዞርባቸዋለች። ከቅዳሴ አብረን ስንመለስ እንዲህ ሲሆኑ ትከሻዬን ጨምድደው ይዘው፣ ሰቆጣ ገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይቆጡኛል፦ "ስንቴ ልንገርሽ? አትሰሚም?" ማዞሩ እስኪለቃቸው አይተዉኝም።

አንድ ቅዳሜ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ፊት እንዲሁ ሲያዋርዱኝ መረረኝ።

"አባባ፣ ምን አጠፋሁ? አዞረኝ ቢሉ ምን አለበት?"

"ቄስ ሲንገዳገድ ያየ ሰው፣ ጠጥቷል ነው የሚለው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሲቆጣ ያየ ግን ልጁን እየመከረ ነው ይላል።"

"የእኔ ስምስ ይጥፋ?"

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ታስተካክይዋለሽ።"

እየተናደድኩም ደግፌ ቤት አስገባኋቸው።

ከሞቱ ወዲህ ከቅዳሴ ስመለስ የሚያስቆመኝ የለም። ቶሎ ቤት እደርሳለሁ፤ ደርሼ ግን የምሠራው ይጠፋኛል።